ጉንፋን ያለበት በደረጃ ይሂድ

ያን ቀን ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ከእኔ ጋር አልነበረም። አጥንቴን ይቆረጣጥመኛል፣ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ፊቴ ደግሞ ይነዳል። ባለቤቴ እጇን ግንባሬ ላይ አስቀምጣ ቶሎ አነሳችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ትኩሳት አለህ። ዛሬ የትም አትሄድም» አለች።

«እሄዳለሁ።»

«እስኪ አሁን አንድ ቀን ብትቀር ሕንፃው ይፈርሳል?»

ሕንፃው እንደማይፈርስ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነበር።

እኔ የአሳንሰር ሠራተኛ ነኝ። ባለ ስምንት ፎቅ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ ቁልፎቹ አጠገብ ባለች አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጬ «ስንተኛ?» እላለሁ፤ ይነግሩኛል፤ እጫናለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው። ድሮ ማሽኑ አሮጌ ስለነበር እጀታውን ማዞር ሙያ ይጠይቅ ነበር፤ ያለ እኔ ንቅንቅ አይልም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን አዲስ ተገጥሟል፤ ቁልፉን የሦስት ዓመት ሕፃንም ይጫነዋል። ይህን እስካሁን ልብ ያለ ሰው የለም። አንድ ቀን ከቀረሁ ግን ሰዉ ራሱ ይጫናል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ሲሄድ «ለካ ሰውዬው አያስፈልግም» ይላል። ስለዚህ አልቀርም። ልጄን በዳርኩ ማግስት እንኳ በሰዓቴ ተገኝቻለሁ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን መናገር ግን ያሳፍራል። ከሁለት ሳምንት በፊት ጉንፋን መሥሪያ ቤቱን ሲያዳርስ፣ የሕንፃው አስተዳዳሪ አሳንሰሩ ውስጥ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ አዘዘ። «ጉንፋን ያለበት በደረጃ ይሂድ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ማስከበሩም ለእኔ ተሰጠ። ሥልጣን እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን አላውቅም ነበር። የአፍንጫውን ጫፍ የነካ ሁሉ «ወንድሜ፣ በደረጃ» ይባላል። የሕግ ክፍሉን ኃላፊ ሳይቀር ከነቦርሳው አስወጥቻለሁ። የአስተዳዳሪው ጸሐፊ፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ፣ ድሮም «ፓይለቱ» ነበር የምትለኝ፤ አሁን ደግሞ «ፓይለቱ ከሐኪም በለጠ» እያለች ሰዉን ታስቃለች። እኔ እንደ ሙገሳ ወስጄው ደረቴን ነፍቼ ነበር።

እንግዲህ ያ ሰውዬ ነው ጉንፋን ይዞት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው።

ዘዴ አበጀሁ። ሰው ሲኖር ትንፋሼን ውጬ እቆያለሁ፤ የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሩ ሲዘጋ በሁለት ፎቅ መሃል እንደ ልቤ እስላለሁ። አፍንጫዬን እጅጌዬ ውስጥ በደበቅኩት መሀረብ እጠርጋለሁ። «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» ሲሉኝ «ጥርሴን አሞኝ ነው» እላለሁ። ጥርስ አይተላለፍማ። እንዲህ እያልኩ እስከ አራት ሰዓት ዘለቅኩ። ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ቁጥሩ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል። አራተኛ ያለኝን ሰው ስድስተኛ አድርሼው ተቆጥቶኛል።

አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከታች ስምንት ሰው ጭኜ ተነሳሁ። አስተዳዳሪው ከነጸሐፊው አለ፤ የቀሩትም ከየክፍሉ የማውቃቸው ሠራተኞች ናቸው። የማላውቃቸው አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ። ግራጫ ሹራብ ለብሰው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘው፣ አጠገቤ ቆመዋል።

«ስንተኛ ነው እማማ?»

«ሰባተኛ አሉኝ ልጄ። መዝገብ ቤቱ ለምሳ ይዘጋል ብለውኝ ተጣድፌ ነው የመጣሁት።»

በሩ ተዘጋ። ሳሉም ያኔ መጣ። ዋጥኩት፤ ተመለሰ። ጥርሴን ነከስኩ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መሀረቤን ሳላወጣ አመለጠኝ፤ ሳልና ማስነጠስ አንድ ላይ። ሰው ተጨናንቆ፣ ሁሉም አንጋጦ ቁጥሩን ስለሚያይ፣ ከየት እንደመጣ የለየ አልነበረም።

«ኧረ ማነው?» አለች ጸሐፊዋ።

አስተዳዳሪው ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ጠርጥሮኝ አልነበረም። ሥራህን ሥራ ማለቱ ነው።

አሁንም ሳስበው ሰውነቴ ይሸማቀቃል። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ፤ አሳንሰሩ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ወደ አሮጊቷ ዞሬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እማማ፣ በደረጃ» አልኩ።

«እኔ?» አሉ።

«ማስታወቂያው ለሁሉም ነው።»

ዙሪያቸውን አዩ። ማንም ምንም አላለም፤ አንዱ እንዲያውም ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ፌስታላቸውን አጥብቀው ይዘው ወጡ። በሩ ሳይዘጋ በፊት ያየሁት፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ቀኝ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ነው። አስተዳዳሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ» አለኝ። ምስጋና እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሰው ጠራም አልጠራ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ እየወጣሁ በሩን እከፍት ጀመር። መጀመሪያ ማንም የለም። ሁለተኛም የለም። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አየኋቸው። የመዝገብ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ እሳቸው ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተዋል ማለት ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት አይመለሱም። አሮጊቷ ቀና ሲሉ መዝጊያውን ተጫንኩ።

ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ምሳ ከፍቼ አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። ትኩሳቱ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። በትኩሳት ግን ሰው አያፍርም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስተዳዳሪውንና ጸሐፊዋን፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችንም ጭኜ፣ ከስምንተኛ ፎቅ ስወርድ ከሰባተኛ ተጠራሁ። በሩ ተከፈተ። የጠራኝ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ አሮጊቷን «ይግቡ እንጂ እማማ» ይላቸዋል።

«አይ፣ እኔ በደረጃ እወርዳለሁ» አሉ። ከዚያ እኔን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይቅርታ አድርግልኝ ልጄ። እንደያዘኝ ባውቅ መቼ እገባ ነበር። ለራሴ ምንም አልተሰማኝም፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ይዟታል ካለ…» ፊቴን አተኩረው አዩ። «አንተም ልክ አይደለህም። አስያዝኩህ መሰለኝ።»

ቅስሜ እዚያው ተሰበረ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ፓይለቱ፣ እንሂድ እንጂ» አለች ጸሐፊዋ።

ከወንበሬ ተነስቼ ወጣሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰው ጭኜ ወንበሬን ስለቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«እማማ፣ የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እርስዎ ምንም አልያዘዎትም። ጠዋት ከቤቴም ይዞኝ ነው የወጣሁት።»

ድምፄ ሻክሮ ነበር፤ ሁሉም ግን ሰምቷል። ከጠዋት ጀምሮ የዋጥኩት ሳል በሙሉ ባንድ ጊዜ መጣና ግድግዳውን ተደግፌ ሳልኩ። ቀና ስል አስተዳዳሪው አፉን በመሀረብ ሸፍኖ ያየኛል። ጸሐፊዋ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ተጫነች፤ በሩ ተዘጋ። ከበሩ በላይ ያለውን ቁጥር ቆሜ አየሁ። ስድስት፣ አምስት፣ አራት። አንዴም ሳይደናቀፍ ወረደ።

አሮጊቷ ወደ ደረጃው ሄደዋል። ተከተልኳቸው። ክንዳቸውን ስይዝ አልከለከሉኝም፤ አልተደገፉኝምም። ሁለት ፎቅ ወረድን። አምስተኛው ላይ ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ስምንት ሰው ነበርን» አሉ። «እኔን ለምን መረጥከኝ?»

ጉንፋኑ ጉሮሮዬን ዘግቶት መልስ አጣሁ ብል ደስ ባለኝ። አልዘጋውም። መልሱን አውቀዋለሁ፤ አንደኛ ፎቅ ላይ ስቆምም አውቀው ነበር።

«ምንም የማይሉ መስለውኝ ነው» አልኩ።

ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን አሹ።

«ምንም አላልኩም» አሉ።

ከዚያ ክንዳቸውን ከእጄ አውጥተው ብረቱን ያዙና መውረዳቸውን ቀጠሉ። ከግድግዳው ወዲያ አሳንሰሩ ሰው ይዞ ሲወጣ ይሰማ ነበር።