የጀይላን ቁርጭምጭሚት

ያን ሰሞን ከድጁ ሰግዳ በተነሳች ቁጥር የምትለምነው ለሰው የማይነገር ነገር ነበር፤ የልጅ ልጇ የጀይላን እግር ተሰብሮ እንዲገኝ። እናቱ ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገችው፣ ሲያስነጥሰው እንኳ እንቅልፍ የሚነሳት ልጅ ነው።

ጀይላን የወደቀው ቴፒ ላይ ነው። የቡና ጆንያ ተሸክሞ መኪና ላይ ሲወጣ ዝናብ የመታው ጣውላ አዳለጠው። ሚዛን ተፈሪ ሲያደርሱላት ቁርጭምጭሚቱ ዱባ አክሎ ነበር። ከድጁ መጀመሪያ ጮኸች፤ ከዚያ ጩኸቱን ትታ ሥራ ጀመረች። ወጌሻው አባፎጊ መጥቶ በቅቤ አሸው። እሷ ደግሞ ጠዋት ማታ ለብ ባለ የጨው ውሃ እየነከረች፣ ማታ በትራስ ከፍ እያደረገች ሰነበተች። እብጠቱ ጎደለ፤ ደስ አላት።

የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ የመጣው ይሄኔ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረወልድ እግሩን አገላብጠው አዩት። "ይሄማ ከእኔ እግር ይሻላል" አሉ።

"ወላሂ ጓድ፣ ዱባ አክሎ ነበር!" አለች ከድጁ።

"ታዲያ ዱባውን ማን በላው?"

ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ወር የሚያነክሰው ጎረምሳ በዝቶ ነበርና ሰውዬው ቢጠራጠሩም አይፈረድባቸውም። በመጨረሻ እጃቸውን አወናጨፉ። ራጅ ይነሳ፤ ስብራት ካለው ይቀራል፣ ከሌለው በማግሥቱ ከሚሄዱት ጋር ይሳፈራል። ውጤቱን በዓይኑ አይቶ እንዲነግራቸው አብዮት ጠባቂው ኃይለሚካኤል አብሮ ተላከ።

ከድጁ መንገዱን ሙሉ ራሷን ስትረግም ሄደች። ያን ሁሉ ማሸት፣ ያን ሁሉ የጨው ውሃ ምን ጣለብኝ? እብጠቱን ብተወው ኖሮ ማንም ባየው ነበር። ጀይላን ትከሻዋን ተደግፎ በአንድ እግሩ እየዘለለ ነው። ሆስፒታሉ ሲደርሱ ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

የራጅ ባለሙያው ማቴዎስ ዓይኑ በድካም የቀላ ወጣት ነው። ጀይላንን አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ እግሩን በአሸዋ ከረጢት ደግፎ ራጅ አነሳው። ከጨለማው ክፍል ሲመለስ ውሃ የሚንጠባጠብ ፊልም ይዟል። መብራቱ ላይ ሰቅሎ ተጠግቶ አየው።

"ምንም አይታይም" አለ።

ኃይለሚካኤል ኮፍያውን አደረገ። "እንግዲህ አለቀ። ጀይላን፣ ጫማህን አዘጋጅ።"

"ቆይ አንተ!" አለው ማቴዎስ። "አይታይም አልኩ እንጂ የለም አልኩ? ሰው በጀርባው ሲተኛ እግሩ በራሱ ወደ ውጭ ይዘነበላል። ያን ጊዜ ይሄ የውጩ ቀጭን አጥንት ከወፍራሙ ኋላ ይሸሸጋል። ትንሽ ወደ ውስጥ ማዞር ነበረብኝ። አዙሬውም ነበር፤ ሲያመው መልሶ ወደ ውጭ አዘነበለው።" ግንባሩን አሸ። "ከዚህ በኋላ ያለኝ አንድ ፊልም ነው። ጀነሬተሩም ሊጠፋ ነው። የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል።"

ሁሉም ኃይለሚካኤልን አዩት። እሱ በሩ ጋ ደርሷል።

"እኔ? ይሄ ጨረር መካን ያደርጋል ይላሉ። ገና አልወለድኩም እኮ!"

"አሁንም ባትወልድ አገሩ አይጎዳም" አለች ከድጁ። "አምጣ ልጄ፣ እኔ እይዛለሁ። እኔ ከእንግዲህ ልወልድ ነው?"

ማቴዎስ ጨረር የሚከላከል ከባድ የእርሳስ ሽርጥ አለበሳት። "አንድ እጅዎን ጉልበቱ ላይ፣ አንዱን ጣቶቹ ላይ ያድርጉ፣ እማማ። ቁርጭምጭሚቱን አይንኩ። ጣቶቹ ሽቅብ ይዩ። አሁን እግሩን በሙሉ፣ ከጉልበቱ ጀምረው ወደ ውስጥ... ትንሽ። ትንሽ ይጨምሩ።"

"እማዬ!" አለ ጀይላን።

እጇ ቆመ። የዚህ ልጅ ሕመም አይታ የማታውቀው የለም፤ ሁሉንም አባብላ አሳልፋዋለች። አሁን ግን የምታሳምመው እሷ ናት። ብሰብረውስ? ደህና የነበረውን በገዛ እጄ ብሰብረውስ? ያ ረቢ!

"ይጨምሩ እማማ፣ አልደረሰም።"

ጨመረች።

"እማዬ ልቀቂኝ! በአላህ ልቀቂኝ!"

አልለቀቀችም። ላቡ ጣቶቿ ላይ ቢያንሸራትታትም አጥብቃ ያዘች። "እንዳትነቃነቅ" አለችው፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ማቴዎስ ከግርዶሹ ኋላ ሆኖ "ትንፋሽህን ያዝ" አለ፤ መሣሪያው አጉረመረመ፤ አበቃ።

ሁለተኛው ፊልም እስኪወጣ ጀይላን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እሷም ሽርጡን ማውለቅ ረስታ ቆማ ቀረች።

ማቴዎስ ፊልሙን ሰቀለ። አሁን በአጥንቶቹ መካከል ቀጭን ጥቁር ክፍተት ዙሪያውን ይታያል። የውጩ አጥንት ለብቻው ወጥቶ ቆሟል፤ ታችኛው ጫፉ ላይ አንድ መስመር፣ ቢላዋ የጫረው ይመስል፣ አግድም አልፏል።

"ይኸው ስብራቱ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች ከድጁ።

ሦስቱም ዞረው አዩዋት። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ወደ ማቴዎስ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "እኔ ነኝ እንዴ የሰበርኩት?" አለችው።

"ኧረ እማማ! እንዲህ ያለው በእጅ አይሰበርም። ሲወድቅ ነው።"

ኃይለሚካኤል ፊልሙን በጣቱ ሊነካ ሲል ማቴዎስ እጁን መታው። "በቃ፣ አየሁት" አለ ኃይለሚካኤል። "ለዚህ ዙር ይቀራል ብዬ እነግራቸዋለሁ።"

ለዚህ ዙር። ከድጁ ሰማችው፤ ሌላ ዙርም አለ ማለት ነው።

"ደግሞ ዕድለኛ ነው" አለ ማቴዎስ ጄሶውን በውሃ እየነከረ። "አጥንቱ ቦታውን አልለቀቀም። ወጣት ስለሆነ ቶሎ ይገጥማል፤ እንደ ድሮው ይሮጣል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጉልበቱን ትስምለት ነበር። አሁን ግን ከአፏ የወጣው "አላህ ይስጥህ" ብቻ ነው።

ውጭ፣ ግድግዳው ጥግ ያለ አግዳሚ ላይ ጄሶው እስኪደርቅ ተቀመጡ። ኃይለሚካኤል ቀድሟቸው ወደ ቀበሌ ሄዷል። ጀይላን ኩርፊያው ለቀቀውና አግዳሚውን ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ።

"ቀለል ብሎኛል እማዬ። ልሞክረው እስቲ።"

ከድጁ ሸሚዙን ይዛ ጎተተችው።

"ተቀመጥ" አለችው። "ማን አባረረህ?"