ለቢየላ የተላከ ሽማግሌ

«ኧረ ተቀመጡ!» አሉ ወይዘሮ ማሚቱ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ ክንፈሚካኤል። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሎችም ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። አብተው ከኋላቸው የመፍቻ ሣጥኑን አንጠልጥሎ፣ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቷል።

የሚጠየቀው ግን ልጅ አልነበረም። ከግቢው ጥግ ባሕር ዛፍ ሥር፣ አራቱም ጎማው ተንፍሶ፣ የኋላ ወንበሩ ላይ በቆሎ ተከምሮበት የቆመ አሮጌ ፔጆ 504 አለ። ሽማግሎቹ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ድረስ ሁለት ጊዜ የተመላለሱት ሞተሩ ውስጥ ላሉት አራት ቢየላዎች ነው። ቢየላ ፒስተኑን ይዞ በደቂቃ ሺህ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያስሮጥ የብረት ዘንግ ነው፤ እሱ ከከዳ ሞተሩ የለም።

አብተው በመጀመሪያ በገንዘብ ጠይቆ ነበር። ወይዘሮዋ «የባሌን መኪና እንደ ፋሲካ በግ አልሸጥም» ብለው መለሱት። በአገሩ ያልተሸጠ ነገር በሽማግሌ ይጠየቃል። ሽማግሎቹ ሲመጡም፣ እንደ ደንቡ፣ «ዘመድ ላማክር» ብለው ቀጠሯቸው። ዘመድ የተባለው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣነው ዝምድና ፈልገን ነው። እርስዎ ቤት አራት ወንድማማቾች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ከእኛ ዘንድ ደግሞ ሥራ አለ።»

«እውነት ነው» አሉ ባለወፍጮው አቶ ተስፋው። በሽምግልና ዘመናቸው ሁሉ ከዚህ ሌላ ቃል ተናግረው አያውቁም።

«ከዚህ አኳያ» አለ ምናለ፣ «ሀብቱ ጥቅም ላይ አለመዋሉ በራሱ አንድ ተግዳሮት ነው።» ምናለ የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው፤ አርባ አልሞላውም። ሦስተኛው ሽማግሌ ቀብር ስለሄዱ ከዘራቸውን ተውሶ በእሳቸው ቦታ ተተክቷል።

ወይዘሮ ማሚቱ ሽማግሎቹን አልፈው አብተውን አዩት። «ፊተኞቹስ ምን ሆኑ?»

«የትኞቹ፣ እትዬ?»

«ከእነዚህ በፊት የነበሩት። ሁለተኛ የሚያገባ ሰው የመጀመሪያዋ ምን እንደሆነች ይጠየቃል።»

አብተው መዋሸት ይችል ነበር። «አንዱ ተሰበረ። ባለፈው ኅዳር፣ ከቡሬ ስንመለስ። የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ።»

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«ሚስቴ።»

እሌኒ የጤና ጣቢያ አምቡላንስ ሾፌር ናት። አብተው ሦስት ዓመት ሙሉ ጋራዡ ጓሮ ውስጥ የሠራውን ፔጆ፣ ሁለት ካርቡራተር ገጥሞ፣ ለባሕር ዳሩ የመኪና ውድድር ያዘጋጀው ለእሷ ነው። ያኔ ቢየላዎቹን የመረጠው በሣጥናቸው ነበር፦ አዲስ፣ የሚያብረቀርቁ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ። ቁልቁለቱ ላይ አንዱ ሲበጠስ ዘይቱ ከኋላ ጎማ ሥር ፈሰሰ፣ መኪናዋም ገደሉ አፍ ላይ ተጋድማ ቆመች። እሌኒ ወርዳ ቀሚሷን አራገፈች። «በሚቀጥለው ውስጡን አስተውለህ ምረጥ» አለችው፤ «እኔ ግን አልጠይቅህም። ና ግቢ ስትለኝ እገባለሁ።» ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ሴት ናት የምትነዳው?» አሉ ወይዘሮ ማሚቱ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኑ ተቀምጫለሁ። አምላኩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪውን እንድወለውለው እንጂ እንድይዘው ፈቅዶልኝ አያውቅም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሰጥቻለሁ። በሉ ተቀመጡ።»

ሽማግሎቹ መርቀው ተቀመጡ። ጠላ ቀረበ። አብተው በቆሎውን በእንቅብ አውርዶ ከመኪናው ሥር ተጋደመ። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ብሎኖቹ ዝገው በነጭ ጋዝ ካልራሱ አልፈታ አሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራቱ ቢየላዎች ታጥበው ጆንያ ላይ ተሰለፉ።

ዘንድሮ በሣጥን አይመርጥም። መጀመሪያ ጎናቸውን በጣቱ ዳሰሰ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት የመጋጠሚያ መስመሩ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ተቀጥቅጦ የተሠራው ጠንካራ ግን ሰፊ ጠባሳ አለው። የእነዚህ ሰፊ ነው። ቀጥሎ በሲባጎ አንጠልጥሎ አንድ በአንድ በመፍቻ መታቸው፤ አራቱም ጥርት ብለው ጮኹ።

«ይህስ ደወል ነው» አሉ መሪጌታ ጠላቸውን እንደያዙ። «ለቤተ ክርስቲያን ብትሰጠው ይሻልህ ነበር።»

የቀረው የጠመኔው ፈተና ነው። ነጭ ጋዝ የነካ ብረት ስንጥቅ ካለው ጋዙ እዚያ ይደበቃል። ብረቱ በደንብ ተጠርጎ የጠመኔ ዱቄት ሲነሰነስበት ያ የተደበቀው ጋዝ ወጥቶ ዱቄቱን ያጠቁረዋል። አንደኛው ነጭ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ አጠገብ፣ የገብስ ፍሬ የምታህል ጥቁር መስመር ቀስ ብላ ወጣች።

ጠርጎ እንደገና ነሰነሰ። እንደገና ወጣች።

«እትዬ፣ ጋሼ አምላኩ በስንት ነበር የሚነዱት?»

«በአርባ። ከአርባ አልፎ አያውቅም፤ የፍጥነት ሰዓቱን ራሱ እያሳየ ይምልልኝ ነበር።»

አብተው በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አየ። የፍጥነት መቁጠሪያው መርፌ አሁንም አርባ ላይ ነው። መኪናው ከቆመ ስምንት ዓመት ሆኖታል።

ወይዘሮዋም አጠገቡ መጥተው አዩ። «እኔስ በአርባ የሚሄድ መኪና እንዲህ ሻሽ ይነጥቃል ወይ እል ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ጆንያው ዞሩ። «ምን ሆነ?»

«ይሄኛው ተሰንጥቋል።»

ሽማግሎቹ ተነሥተው ከበቡት።

«የታለ?» አሉ መሪጌታ። «ይህችን ነው? ይህች እኮ እኔ ግንባር ላይ ካለው ሽብሽብ ታንሳለች።»

«ከዚህ አኳያ» አለ ምናለ፣ «ከአራት ሦስት ማለት ሰባ አምስት በመቶ አፈጻጸም ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት በዚህ ያስሸልማል።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ተስፋው።

መሪጌታ አብተውን በክንዱ ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ሴትዮዋ ሰጥታ፣ ጠላዋ ተጠጥቶ፣ አንድ ነቀፌታ አገኘሁበት ብሎ መመለስ የለም። ነውር ነው። ነገ ለልጅህ ማን ሽማግሌ ይሆንሃል? ይዘኸው ሂድ፤ ከዚያ በኋላ ያንተ ነገር ነው።»

አብተው ቢየላውን በእጁ መዘነው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እስከዚያ የሚመጥን ሌላ አይገኝም። የሚነዳው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስንጥቋን በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ ቢያለሰልሳት ነገ ራሱም አያያትም። ምናልባት ጭረት ትሆናለች። ምናልባት አሥር ዓመት ትኖር ይሆናል።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። እሌኒ ናት። የምትደውለው ለራት ይደርስ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ስለ ቢየላው ትንፍሽ አትልም። ብትጠይቀው መዋሸት ይኖርበት ነበር። አሁን ግን ዝም ማለት ብቻ ይበቃዋል።

«እትዬ፣ ፋስ አለዎት?»

«ለምኑ?»

«ይሄን እዚሁ ላበላሸው። ይዤው ከሄድኩ እገጥመዋለሁ።»

ወይዘሮ ማሚቱ ጎንበስ ብለው ስንጥቋን አዩ። ፊታቸው የተቀየመ ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ እንጨት ቤቱ ገቡና ፋሱን አምጥተው፣ እጀታውን ወደ እሱ አድርገው አቀበሉት።

«ሦስቱንስ?» አሉ።

«ሦስቱን ከፈቀዱልኝ አስቀምጣቸዋለሁ። አራተኛ እስኪገኝ።»

«አስቀምጣቸው።»

ቢየላውን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ በፋሱ ጀርባ መታው። ስልኩ እንደገና መጮህ ጀመረ። ሁለተኛ መታው። በሦስተኛው ቢየላው እንደ ማጭድ ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም፤ ስንጥቋም አልሰፋችም።

ምናለ ጎንበስ ብሎ አነሣው። «ይኸው! አልተሰበረም እኮ! ጠንካራ ነበር ማለት ነው!»

አብተው ፋሱን አስቀምጦ ስልኩን አነሣ።

«እሌኒ፣ ለዘንድሮው አንደርስም» አላት። «ለራት ግን እደርሳለሁ።»