የቀኝ ክንፍ አረንጓዴ

ስልኩ ከመደወሉ በፊት ትንሿ አውሮፕላን አፍንጫዋን ወደ መንደርደሪያው አዙራ ከሃንጋሩ ደጃፍ ቆማ ነበር። ነዳጇ ሙሉ ነው። ባትሪዋ ሃያ አራት ነጥብ ስድስት ቮልት ያሳያል። የኋላ ወንበሮቿ ተነስተው በቦታቸው ቃሬዛ ታስሯል። የግራ ክንፏ ጫፍ ቀይ መብራት፣ የቀኝ ክንፏ ጫፍ አረንጓዴ መብራትና የጅራቷ ነጭ መብራት ጠዋት ሲፈተሹ ሦስቱም በርተዋል።

ስልኩን ያነሳችው አብራሪዋ ናት። ቆማ አዳመጠች፤ “እሺ ሲስተር፣ እሺ፣ ተነሳሁ” ብላ ዘጋችው።

“ከወንዙ ማዶ ጤና ጣቢያ ነው” አለች። “አንዲት ሴት ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣም። ደሟ አልቆም ብሏል።”

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ያለው እዚህ ከተማ ብቻ ነው። በመኪና ሌሊቱን ሙሉ ያስኬዳል፤ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። የማዶው ማረፊያ ሜዳ መብራት ስለሌለው ፀሐይ ሳትጠልቅ እዚያ መድረስ ግድ ነው። መመለሻው በጨለማ ነው።

አብራሪዋ ገብታ የመብራቶቹን ማብሪያዎች ተጫነች። ባሏ በቀኝ ክንፉ ጫፍ ቆሟል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጭነቱ ሳይከብድ ስለሚቃጠል በሃንጋሩ የሚጠራው ፊውዝ እየተባለ ነው።

“አረንጓዴው?” አለች ከመቀመጫዋ።

“የለም!”

“ደህና አድርገህ እይ!”

“ዓይኔን አውጥቼ ልስጥሽ እንዴ? የለም አልኩሽ!”

መካኒኩ ከሃንጋሩ ውስጥ እጁን እየጠረገ ወጣ። የአብራሪዋ ታላቅ ወንድም ነው፤ አውሮፕላኗ እንድትነሳ የሚፈቅደውም እሱ ነው። እህቱም አማቹም ጋሼ ይሉታል፣ በሥራ ቦታም ቢሆን። መጀመሪያ ያየው መብራቱን ሳይሆን የውሃ ታንከሩን ጥላ ነበር። ጥላው ከሃንጋሩ በር ጥቂት እርምጃ ላይ ደርሷል።

“ይሄ ጥላ የበሩን ሐዲድ ሲነካ ነገሩ ያበቃል” አለ። “ከዚያ በኋላ ብትነሺም ማዶ በብርሃን አትደርሺም። ፊውዝ፣ አዲሱን አምፖል አምጣ።”

አምፖል ይበሉት እንጂ እንደ ድሮው ክር ያለበት ብርጭቆ አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ አረንጓዴው ኤል ኢ ዲና ነጩ ብልጭታ መብራት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ለሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚመጣው በየራሳቸው ሽቦ ሲሆን የሚመለሰው ግን በአንድ ጥቁር ሽቦ ነው። ፊውዝ አዲሱን ከካርቶኑ አውጥቶ ገጠመ። በራ።

“ይኸው! ቀላል ነገር እኮ ነው” አለ ፊውዝ።

“ሞተር አስነሺ፣ ብልጭታውንም አብሪ” አለ መካኒኩ።

ሞተሩ ተነሳ። ክንፉ ሲንቀጠቀጥ አረንጓዴው ተርገበገበና ጠፋ።

መካኒኩ ሞተሩ እንዲጠፋ አደረገና አሮጌውን አምፖል ወደ ጠረጴዛው ወሰደው። በጠረጴዛው ባትሪ ላይ ሲያገናኘው ያለ ምንም መንቀጥቀጥ በራ።

“ሁለት መብራት በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ሞት አይሞትም” አለ። “ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። በሽታው ከአውሮፕላኗ ነው። ለካ።”

በዚህ ሃንጋር የአለካክ ወግ አለ። የክንፍ ቀለም እንዳይጫር ተብሎ ከጥንት የተሠራ ረጅም ጥቁር ገመድ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። አንዱን ጫፍ ከባትሪው አጠገብ ካለው ባዶ ብረት ላይ ይነክሱታል፤ ሌላውን የቮልት መለኪያው ቴስተር ላይ ይሰካሉ፤ ከዚያ ቀዩን መርፌ ብቻ ይዘው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይዞራሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚማረው ይሄንን ነው። ፊውዝም እንደ ወጉ ገመዱን ነክሶ ዞረ።

“ከማብሪያው፣ ሃያ አራት ነጥብ ሦስት። ከክንፉ ሥር፣ ሃያ አራት ነጥብ ሁለት። ከመብራቱ መግቢያ፣ ሃያ አራት ነጥብ አንድ።” ቴስተሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። “ጋሼ፣ ሁሉም ጤነኛ ነው።”

“ድገመው።”

ደገመው። ቁጥሮቹ አልተለወጡም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አብራሪዋ አዳምጣ ዘጋችው።

“ሁለተኛውን ግሉኮስ ሰቅያለሁ፣ ሦስተኛ የለኝም አለች ሲስተሯ” አለች ስልኩን ወደ ኪሷ እየከተተች። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫዋን አነሳች። “እሄዳለሁ።”

“አትሄጂም።”

“ጋሼ፣ ቀዩ ይሠራል። ነጩ ይሠራል። ለአንድ አረንጓዴ ብዬ ሰው ልግደል? ሰማዩ ሰፊ ነው።”

“ሰማዩ ሰፊ ነው፤ መንደርደሪያው ግን አንድ ነው። የበረራ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ስንት ሰዓት ነው የሚመለሱት? አንቺ በምትመለሺበት ሰዓት! ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ያየ ልጅ፣ ወደ እኔ የሚመጣ አለ ብሎ ይሸሻል። ቀይ ብቻ ካየ ግን፣ ጎኗን ሰጥታኝ ወደ ግራ እያለፈች ነው ይልና ቀጥ ብሎ ይመጣብሻል። ያኔ የምታልቁት ቃሬዛው ላይ ያለችውም አንቺም ልጁም ናችሁ።”

“በሬዲዮ እነግራቸዋለሁ።”

“ሬዲዮ የሚሰማ ተማሪ ካገኘሽ አሳዪኝ።”

ወደ ባሏ ዞረች። “አንተ ንገረው እንጂ! ምን አፍህን ይዞሃል?”

ፊውዝ ሌላ ቀን ቢሆን እስካሁን ሦስቴ በጮኸ ነበር። አሁን ግን ቴስተሩን እያገላበጠ ቆመ።

“ምን ልበል?” አለ ቀስ ብሎ። “ሂጂ ብል ባል አይደለሁም፣ ቅሪ ብል ሰው አይደለሁም።”

ጥላው የበሩን ሲሚንቶ ጀምሯል፤ ከሐዲዱ የቀረው የአንድ ሰው ቁመት ያህል ነው።

መካኒኩ ከክንፉ ጫፍ ሥር ተንበረከከ። “ብልጭታውን በኮፍያህ ሸፍንልኝ” አለ። “ዓይን እያጠፋ ማየት ከልክሎናል። አንቺ አብሪ። ሞተሩን ተዪው።”

ፊውዝ ኮፍያውን በብልጭታው ላይ ደፋ። አሁን የሚታየው አረንጓዴው ብቻ ነው። ከኮፍያው ሥር ብልጭታው ቦግ ባለ ቁጥር አረንጓዴው ለቅጽበት ድርግም ይላል፤ ተመልሶ ይበራል፤ ቦግ ሲል እንደገና ድርግም። መካኒኩ ክንፉን በጡጫ ቀስ አድርጎ ሲመታው ደግሞ ጨርሶ ጠፋ። መርፌው ግን መግቢያው ላይ እንደተሰካ ነው፤ ቴስተሩም ያው ሃያ አራት ነጥብ አንድ ይላል።

መካኒኩ ቴስተሩንና መብራቱን እያፈራረቀ አየ።

“ቴስተሩ አለ ይላል፣ ዓይኔ የለም ይላል” አለ። “ሁለቱም አይዋሹም። እንግዲያው የሚያዩት አንድ ነገር አይደለም። ይሄን ጥቁር ገመድ ከቴስተሩ ንቀለው።”

“ለምን?”

“ንቀለው አልኩህ! አሁን ጥቁሩን መርፌ ከመብራቱ ከራሱ ጥቁር ሽቦ ላይ አድርገው።”

ፊውዝ አደረገ። ቁጥሩ አስራ ሦስት አለ። ወደ ዘጠኝ ወረደ፣ አስራ ሰባት ደረሰ፣ ተመልሶ ወረደ። ፊውዝ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

“ማሳው! ጋሼ፣ ማሳው ነው እኮ!”

ማሳ የሚሉት ኤሌክትሪኩ በአውሮፕላኗ አካል አድርጎ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ነው። መብራቱ የሚመለሰው በክንፉ ጫፍ ማሳ ነበር፤ ቴስተሩ ግን በረጅሙ ገመድ ከባትሪው ሥር የራሱን ማሳ ይዞ ይዞር ነበር። ስለዚህ መብራቱ ያጣውን መንገድ ቴስተሩ አላጣውም። የድሮ አምፖል ቢሆን ማሳው መጥፎ ሲሆን ብርሃኑ ፈዝዞ ከሳምንታት በፊት ይናገር ነበር። ኤል ኢ ዲ ግን የሚደርሰው ቮልት ቢቀንስም እኩል እየበራ ሕመሙን ይደብቃል፤ ከልኩ ሲያንስበት ባንድ ጊዜ ይጠፋል።

“የክንፉን ቆብ ፍታ” አለ መካኒኩ።

ፊውዝ በካቻቢቴ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። የመጨረሻው አልፈታ አለ። ካቻቢቴው ተንሸራተተ፤ የብሎኑ ራስ ተበላ።

“እናትህን…” ብሎ ጀመረና ሚስቱን አይቶ ዋጠው። “መሰርሰሪያ ላምጣ?”

“መሰርሰሪያ ከያዝክ የብረት ድቃቂውን ስትለቅም ይመሻል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ቫልቭ የምንሞርድበትን ሻካራ ቅባት አምጣ።”

ፊውዝ አሸዋማውን ቅባት በካቻቢቴው ጫፍ ላይ ቀባ፣ በተበላው ራስ ውስጥ ተከለው፣ በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ አዞረ። ቅባቱ ነከሰ። ብሎኑ ጮኸና ተፈታ።

ከቆቡ ሥር የጥቁሩ ሽቦ የብረት ቀለበት ከክንፉ አጥንት ጋር በብሎን ታስሯል። ፊውዝ ፈትቶ አነሳው። ሥሩ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ነበር። ባለፈው ወር የሃንጋሩ በር ክንፉን ጭሮት ጫፉ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ እስከ ማሳው ቦታ ድረስ ገብቶ ነበር። ኤሌክትሪኩ ይመለስ የነበረው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነው፣ እሱም በንዝረት እየላላ።

“ቀቢው ሙሽራ አስመስሎ ቀብቷታል” አለ ፊውዝ። “ለኛም መርገጫ አልተወልን።”

“ወሬውን ተውና ብርጭቆ ወረቀት ያዝ።”

አብራሪዋ በሩ ላይ ቆማ ጥላውን ትመለከታለች። “አንድ ስንዝር ቀረው” አለች። “ጋሼ፣ ግማሽ ስንዝር።”

“ቁጥሩን ለራስሽ ያዢው። ወደ መቀመጫሽ ግቢ።”

ፊውዝ ቀለሙን እስኪያበራ ፈገፈገ፤ ቀለበቱንም እንዲሁ። በመካከላቸው ጥርስ ያለው አዲስ ሮንዴላ አስገብቶ አጠበቀ፤ በእርጥበት እንዳይዝግ ቅባት ቀባው። መካኒኩ አንዱን መርፌ ከመብራቱ ጥቁር ሽቦ፣ ሌላውን በረጅሙ ገመድ ከባትሪው ሥር አደረገ። መንገዱ ጤነኛ ከሆነ በሁለቱ መካከል ምንም መኖር የለበትም። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ቮልት ብቻ አነበበ።

“ሞተር!”

ሞተሩ ተነሳ። ክንፉ ተንቀጠቀጠ፤ ብልጭታው ቦግ ቦግ አለ። አረንጓዴው አልተነቃነቀም። መካኒኩ ክንፉን በጡጫ መታው፤ ደግሞ መታው። አሁንም በርቷል። ቆቡን መልሰው አሰሩ፤ በተበላው ፋንታም አዲስ ብሎን ገባ። ጥላው ሐዲዱን ሲነካ መካኒኩ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ።

ፊውዝ ወደ መስኮቷ ሮጠ። “ቀስ በይ!” ብሎ በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኸ።

“ቀስ ብዬማ አልደርስም!” አለች፤ አውሮፕላኗም ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነበር። በሃንጋሩ ጠረጴዛ ላይ ባለው ሬዲዮ ማዶ ማረፏን ሰሙ። ከዚያ ሬዲዮው ዝም አለ። ፊውዝ ዕቃዎቹን ሰበሰበ፣ ዘረገፈ፣ እንደገና ሰበሰበ። ሰማዩ ሲጠቁር ተማሪዎቹ መመለስ ጀመሩ፤ በመንደርደሪያው ዙሪያ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጭ ነጠብጣቦች ይሽከረከራሉ። በመጨረሻ ድምጿ በሬዲዮው መጣ፤ አጭርና የተቆራረጠ ነው። ከቃላቱ የለዩት “ሦስት ሰው ይዣለሁ” የሚለውን ብቻ ነበር።

ሁለቱም ወጥተው ወደ ሰማዩ አንጋጠጡ። ከመንደርደሪያው ወዲያ አንዲት ነጥብ እየቀረበች ነው፤ ቀይ ብቻ።

“ጠፋ” አለ ፊውዝ። የመካኒኩን ክንድ ጨብጦ ያዘ። “ጋሼ፣ አረንጓዴው ጠፋ! ያው ቀይ ብቻ ነው!”

“ግራ ጎኗን ነው የሰጠችን። እስክትዞር ጠብቅ።”

“ብትዞርስ? ባይበራስ? ያ ተማሪ ፊት ለፊቷ እኮ ነው!”

“ጠብቅ አልኩህ።” ይበል እንጂ እሱም ትንፋሹን ይዞ ነበር።

ፊት ለፊቷ ካለው የተማሪ አውሮፕላን የሚታያቸው የጅራቱ ነጭ መብራት ብቻ ነው። ቀዩ ነጥብ ወደ መንደርደሪያው አቅጣጫ መዞር ጀመረ። አጠገቡ አረንጓዴ ብቅ አለ፤ ጸንቶ ቆመ። ተማሪው ወደ ቀኝ ታጠፈና ከፍ ብሎ መንገዱን ለቀቀላት።

ፊውዝ ክንዱን ለቀቀው።

አምቡላንሱ ከመንደርደሪያው ዳር ቆሞ ነበር። አብራሪዋ ሞተሩን አጠፋች፤ ሁለቱ ወንዶች ቃሬዛውን ፈትተው አወረዱ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ነጭ ነው። ሲስተሯ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ በደረቷ ይዛ ተከትላ ወረደች። የአምቡላንሱ ነርስ በሴትዮዋ ጣት ላይ የልብ ምት የሚለካ ትንሽ መቆንጠጫ ሰካ፤ ማሳያው ጥቂት ጊዜ ባዶ ሆኖ ቆየ። ሁሉም ያንን ባዶ ቦታ ያያሉ።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። የልብ ትርታዋ በደቂቃ መቶ አስራ ስምንት ነበር፤ ፈጣን ነው፣ ግን ይመታል።