የመፈረፈር ምስክር

በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ባሕሩ ገደሉን እየላሰ በሚወስድባት መንደር፣ ሞሪን ሻንጣዋን ከዘጋች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ቤቱ ባሕር ሳይገባ መውጣት ትፈልጋለች። የምትጠብቀው ባሏን ሴድሪክን ነው፤ ሴድሪክ ደግሞ የሚጠብቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

አትፍረዱበት፣ ደግ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የመንደሩን አነጋገር በመዝገበ ቃላት ሲሰበስብ ኖሮ፣ አሁን «ክራምብል» የሚለው ግስ ላይ ቆሟል፤ መፈረፈር እንደ ማለት ነው። ፍቺውን «ጠንካራ የነበረ ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየረገፈ መፍረስ» ብሎ ጨርሷል። የቀረው ምሳሌ ነው። ደንቡም ጥብቅ ነው፤ የመንደሩ ሰው በገዛ አፉ ያለው፣ ስሙና ቀኑ የተጻፈበት መሆን አለበት።

«እሱን ባገኘሁ ማግስት እንሄዳለን፣ ሆዴ» አላት።

ችግሩ፣ በዚያ መንደር ቃሉን የሚደፍር አልነበረም። ሴድሪክ ደብተሩን ይዞ ጎረቤቱ ሬግ ዘንድ ሄደ። የሬግ የዶሮ ቤት ትናንት ከነዶሮዎቹ ባሕር ገብቷል።

«ገደሉ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብሏል።»

«ዶሮዎቹስ?»

«ዘንድሮ ዶሮ ትቻለሁ።»

ፖስተኛዋ መንገዱን ብታጣው አጥር ዘላ ሴድሪክ ዘንድ መጣችና፣ «የግቢዎ ሣር ለማጨድ ቀሎልዎታል» አለችው። ያመጣችው የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤም «መጠነኛ የይዞታ ለውጥ» ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት ሞሪን ሻይ ስትቀዳ፣ የጓሮው የዕቃ ጎጆ ከመስኮቱ እይታ ጠፋ። ሲኒዎቹ ተንቀጫቀጩ።

«ምንድን ነው?» አለ ሴድሪክ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ምንም...» ብላ ጀመረችና አቆመች። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጣሪያው ሲያፈስም፣ ልጅ አልገኝ ሲላቸውም፣ «ምንም አይደል» ስትል ነው የኖረችው። ለካ እሷም የመንደሩ ሰው ናት።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ሴድሪክ፣ ቤታችን እየተፈረፈረ ነው። እኔም ፈርቻለሁ።»

ቀና አለ። ብዕሩን አንስቶ ቀኑን ጻፈ። ስሟ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። መንደሩን ሁሉ ሲያዳርስ እሷን አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«ሁለተኛውንም ልጻፈው?» አላት ቀስ ብሎ።

«እሱን ላንተ ነው ያልኩት።»

ደብተሩን ከደነና ሻንጣዋን አነሳላት። በሬግ ደጅ ሲያልፉ ሰውየው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ልትሄዱ ነው?»

«ኧረ፣» አለች ሞሪን፣ «ትንሽ ፈቀቅ ልንል ነው።»