ደረቁ ሱፍ ምድጃው ላይ ነበር

ቁጥሩን እኮ ነው የጠየቀችው፣ ሌላ ምንም አልጠየቀችውም፣ ቁጥራቸው ስንት ነው ጋሽ ሳቬሊ፣ አለች፣ እሱ ግን ይኸው የጎማ ቦቱን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ተገትሯል፣ በፔይፕሲ ሐይቅ በረዶ ላይ አርባ ክረምት የተቀመጠ ሰው የቦት ቁጥር ሲጠየቅ ላብ ላብ ይለዋል እንዴ፣ ለራስህ ቢሆን አርባ ሦስት ብለህ ትገላገል ነበር፣ ለራሱ አይደለም። ለልጁ ለሊካ ባል ነው። ለታርቮ። ነገ ቅዳሜ ከታርቱ ከተማ ይመጣሉ፣ ራሱ ነው የደወለው፣ አባባ፣ በረዶው ያዘ ይላሉ፣ አብረን እንውጣ ወይ፣ አለ፣ ባለፈው ዓመት ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ አሁንም አባባ ይላል።

ማቭራ መደርደሪያው ጥግ ላይ ክንዷን አስደግፋ ትጠብቃለች፣ ሱቁን ከአባቷ ከወረሰች ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቁጥሩ ከጠፋብዎ ትልቅ ይሁን ብቻ፣ ትላለች፣ ሁለት ቁጥር ከፍ፣ መቼም ለእርስዎ እኔ አልነግርዎትም። አዎ አትነግሪኝም። የመንደሩን ግማሽ ያስተማረ እሱ ነው፣ የጠበበ ቦት ደም ያግዳል፣ ደም ያልደረሰው እግር ይሞታል፣ ጣትህ ቦቱ ውስጥ ካልተጫወተ ከቤት አትውጣ፣ ይህን ሲል ድምፁ ይጎረንን ነበር፣ ጎረምሶቹ ኋላ ኋላ እየቀለዱ ይደግሙለታል፣ ጣትህ ይጫወታል ወይ፣ እየተባባሉ። ጣት። ዛሬ ይህን ቃል ባያስበው ደስ ባለው።

ልብሱንስ መርጧል፣ እሱ አለቀ፣ ብርቱካንማው፣ ሙሉ ቱታ ከነጃኬቱ፣ ውሃ ውስጥ ቢወድቁ የሚያንሳፍፈው ዓይነት። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አገላብጦታል። ስፌቱን ከውስጥ ገልብጦ አየ፣ ስፌት ላይ ላስቲክ ካልተለጠፈበት ውሃ በመርፌው ቀዳዳ ይገባል፣ ተለጥፎበታል፣ ዚፑን የሚከድን ጨርቅ አለው፣ አንገቱ እስከ አገጭ ይደርሳል፣ እጅጌው ጫፉ ላይ ይጠብቃል፣ ጉልበቱ ወፍራም ነው፣ ዓሣ አጥማጅ በረዶው ላይ በበሳው ቀዳዳ አጠገብ ይንበረከካል፣ መጀመሪያ የሚረጥበው ጉልበት ነው፣ ከዚያ ምራቁን ጣቱ ላይ አድርጎ ጨርቁን አሸው፣ ጠበቀ፣ ገለበጠው፣ አልገባም። ሊገዙት ነው ወይስ ሊያጩት፣ አለችው ማቭራ። ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ እምቢ አለው። አንገቱ ላይ በተሰፋው ወረቀት እንዲህ ይላል፣ ይህ ልብስ በከፍተኛ ውርጭ ወቅት የሰውነትን ሙቀት ጠብቆ ያቆያል፣ ተጠቃሚው መመሪያውን በጥንቃቄ እንዲያነብ ይመከራል። ተጠቃሚው። እሺ፣ የሚያለብሰውስ ሰውዬ፣ እሱ ምን እንዲያደርግ ይመከራል፣ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር የለም።

ባለፈው የካቲት ይሄ ሁሉ ጥንቃቄህ የት ሄዶ ነበር። ስፌት ስታይ። ምራቅህን ስትቀባ። የት ነበርክ።

ሙሽራ ማቀዝቀዝ ይሉታል በመንደሩ። ከውጭ አማች የመጣ እንደሆነ የመጀመሪያ ቀኑን በረዶ ላይ ይሳቅበታል፣ ደነዝ የበረዶ መሰርሰሪያ ይሰጡታል፣ እግሩ የተሰበረ መቀመጫ ይሰጡታል፣ የዓሣ ዘር የማያልፍበት ቦታ ወስደው ጎልተውት ይመጣሉ፣ ሰውዬው ሲለፋ ይውልና ማታ የዓሣ ሾርባውን አብሯቸው ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ የእነሱ ሰው ነው፣ አለቀ፣ ሳቬሊ ራሱም አልፎበታል፣ የሚስቱ የኡሊታ አባት፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቀኑን ሙሉ ዓሣ የማይጠጋው አሸዋ ላይ ሲያስጠምደው ውሎ ነበር። እግር ላይ ግን ቀልድ የለም። በጀርባው ይሳቁ፣ በእጁ ይሳቁ፣ እግር አይነካም፣ ይህን ያወጣ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም እንጂ አንድም ሰው አፍርሶት አያውቅም። አንድ ሰው አፈረሰው።

ደረቁ ሱፍ ምድጃው ላይ ነበር። ቦቱ ውስጥ የሚገባው ወፍራሙ ሱፍ፣ ኡሊታ ማታውኑ ያሰጣችው፣ ሞቆ፣ እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ቦታ ላይ። በሩ ሥር የቆመው ቦት ውስጥ ደግሞ የትናንቱ አለ፣ እርጥቡ። እጁን ከቶ ዳብሶታል፣ ይህ ነው እንግዲህ፣ የትም ቢዞር እዚህ ነው የሚመለሰው፣ ሳያውቅ አይደለም፣ ዳብሶ፣ እርጥብ መሆኑን በጣቱ አውቆ፣ እንካ አለው። ቦቱም ጠባብ ነበር። ታርቮ ሁለት የጥጥ ካልሲ ደራርቦ ሲታገል ቆሞ ያያል፣ ጥጥ ላቡን ይዞ እንደሚቀር ያውቃል፣ ዝም ይላል፣ ትንሽ ጠበበኝ መሰለኝ አባባ፣ ይላል ልጁ፣ ይሰፋል፣ ይለዋል። ይሰፋል። ምን አደረገህ ይሄ ልጅ። ምንም። የጥርስ ሐኪም ነው፣ እጁ ከሊካ እጅ ይለሰልሳል፣ ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ሊካ ደግሞ ሲያወራ አፍ አፉን ታየዋለች፣ ድሮ እንደዚያ የምታየው አባቷን ነበር፣ በረዶ ምን ያህል ሲወፍር ነው ሰው የሚሸከመው አባዬ፣ ዓሣ አይበርደውም ወይ አባዬ። በል ይኸው ወጣልህ፣ ቅናት ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ፣ ጠዋት ማታ በቅዱሳኑ ሥዕል ፊት የሚሰግድ፣ በጥርስ ሐኪም ቀና። ከእኩለ ቀን በፊት በቃኝ እንዲል ነበር የፈለገው፣ እንዲነጫነጭ፣ ወደ ቤት መልሱኝ እንዲል፣ ለሊካ ይኸው ይሄ ነው ያመጣሽው ብሎ ለመንገር። ልጁ አልተነጫነጨም።

ያን ቀን ደግሞ ዓሣው። ቀይ ክንፉ ዓሣ ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ጉድ ይነክስ ነበር፣ ገመዱ ገና ሳይረጋ ይጎተታል፣ እንዲህ ያለ ቀን በክረምት አንዴ ቢመጣ ነው፣ ታርቮ አጠገቡ ተቀምጦ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ እግሩን ሲያማታ ቆየ፣ ሲያማታ፣ ሲያማታ፣ ከዚያ ተወው። አባባ፣ አለ፣ ደስ ብሎት ነው ያለው፣ እውነት ደስ ብሎት፣ እግሬ እኮ ማመሙን ተወኝ። እዚያ ላይ ነው። እዚያ ላይ መነሳት ነበር፣ ዓሣውንም መሰርሰሪያውንም ጥሎ፣ ቦቱን ጎትቶ አውልቆ ያን እግር ከካፖርቱ ሥር ሆዱ ላይ መለጠፍ ነበር፣ የገዛ አባቱ አንድ ጊዜ ለእሱ እንዳደረገለት፣ ማመሙን የተወ እግር ምን ማለት እንደሆነ ሐይቁ ዳር የተወለደ ሕፃን ያውቃል። ብርዱን ለመድከዋ፣ አለው። ገመዱ እየተጎተተ ስለነበር ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ለመድከዋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ።

ሁለት ጣት ተቆረጠ። የግራ እግሩ፣ ትንሿና ከጎኗ ያለችው።

ሊካ ሆስፒታል ስትደርስ ሳቬሊ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ኮፍያውን እያዞረ፣ እነግራታለሁ እያለ፣ አሁን እነግራታለሁ፣ ትቀመጥና፣ ውሃ ትጠጣና፣ ታርቮ ግን ከአልጋው ላይ ሆኖ ቀደመው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አላት፣ አባባ ደህና ቦት ሰጥተውኝ እምቢ ብዬ በራሴ በከተማው ጫማ ወጣሁ። ሲናገር ወደ ሳቬሊ አላየም፣ አንድ ጊዜም። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምን ነበር፣ አልዋጠችውም፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውጭ ወጣ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ቆሞ ተነፈሰ፣ ይህንንም አይክድም፣ እፎይ ነው ያለው። የእግዜር ያለህ። እፎይ አለ።

እሱስ ይሁን፣ ዝምታ ነው፣ ሰው ይፈራል ዝም ይላል። የፋሲካውን ምን ትለዋለህ። የተጨሰው ዓሣ መሃል ላይ፣ የሽንኩርቱ ዳቦ፣ ቀይ የተቀባው እንቁላል፣ ሊካ ባሏን ጎሸም እያደረገች፣ አይ የእኔ ግትር፣ አባዬ ነግሮህ ነበር እኮ፣ ብትሰማው ኖሮ ዛሬ ጣቶችህ ይቆጠሩ ነበር፣ ታርቮም ፈገግ ይላል፣ እንደ ለመደ ሰው፣ ለካ ቤታቸውም እንዲህ ነው የምትለው፣ ያኔ ማን ጠየቀህ፣ ማን አናገረህ፣ እጁን ወደ ዓሣው ዘርግቶ፣ ነግሬው ነበር፣ አለ ሳቬሊ። ነግሬው ነበር። ኡሊታ ሳህኑን እያስቀመጠች ቀና ብላ አየችው። ታውቃለች። ያን ቀን ከዶሮዎቹ ስትመለስ ደረቁን ሱፍ ምድጃው ላይ እንዳለ ያገኘችው እሷ ናት፣ ምንም አላለችም፣ እስከ ዛሬ፣ ብቻ ከዚያ ወዲህ የሱ ሱፍ ሲደርቅ አውርዳ በእጁ ታስይዘዋለች፣ ይዘኸዋል፣ ትላለች፣ ይዤዋለሁ፣ ይላል፣ ትሄዳለች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የታርቮን እግር አይቶት አያውቅም። የእንፋሎት ቤት አብረው ሲገቡ ታርቮ ካልሲውን የሚያወልቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳቬሊ ደግሞ ያኔ እሳቱን ይቆሰቁሳል፣ መቆስቆስ የማያስፈልገውን እሳት፣ ሁለቱም እየተጠባበቁ፣ እሱ እንዳላይበት፣ እኔ እንዳላይ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች።

ይደውሉላቸውና ይጠይቋቸው እንጂ፣ ትላለች ማቭራ፣ ሌላ ሰው ገብቷል፣ ሒሳብ እየተቀበለች ነው፣ ትክክል ናት፣ ምን ያስቸግራል፣ ለታርቮ ግን አይደውልም፣ ቦት ልግዛልህ ብሎ በየትኛው አፉ፣ ለሊካ ይደውላል፣ ቁጥሩን ብቻ፣ ሊካ የታርቮ ቁጥር ስንት ነው፣ አርባ ምናምን ነው፣ በይ ቻው፣ ይኸው፣ ቀላል ነው። ስልኩ ይጠራል። አባዬ፣ ትላለች፣ ደህና ነህ፣ እማዬስ፣ ደህና ነን፣ የታርቮ የቦት ቁጥር ስንት ነው። ምን ልትገዛለት ነው፣ ቦትና ሙሉ ልብስ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ይላል። ትስቃለች። አባዬ ሙት፣ ተወው ይቅርብህ፣ ብትገዛለትም ይህ ግትር መቼ ይሰማሃል፣ ባለፈው ነግረኸው መች ሰማህ።

ባለፈው ነግረኸው። አርባ ምናምን በይኝ ሊካ፣ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝና ልሂድ፣ ቦቱ በእጁ ላይ ከበደ፣ ሳያስበው የቀኝ እጁ ቦቱ ውስጥ ገብቷል፣ ሱፉን እየዳበሰ ነው፣ አዲስ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ልክ ያን ቀን እንዳደረገው እየዳበሰ፣ ማቭራ ጆሮዋ እዚህ ነው፣ ዛሬ ከጨለመ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ እግር የነካ ሳቬሊ፣ ጎረምሶቹ ጣትህ ይጫወታል ወይ ሲሉ ከእንግዲህ አይስቁም፣ ይሰማ፣ ሊካ፣ ይላል፣ ሊካ አልነገርኩትም።

ምኑን።

የራሱን ጫማ አይደለም ያደረገው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ ጠባብ ነበር፣ ውስጡ ያለው ሱፍ እርጥብ ነበር፣ እርጥብ መሆኑን አውቃለሁ፣ ደረቁ ምድጃው ላይ ነበር። እግሬ ማመሙን ተወኝ ሲለኝ ለመድከው አልኩት። ዓሣው እየነከሰ ነበር ሊካ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አየ፣ አልተቋረጠም። ማቭራ የሰውዬውን መልስ በእጇ እንደያዘች ቆማለች፣ ሰውዬውም ቆሟል።

አንድ ዓመት፣ ትላለች ሊካ በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ግትር ስለው፣ ሰው ፊት ሳይቀር፣ ዝም ብሎ ይስቅልኛል። አንተም ነግሬው ነበር አልክ። አልኩ፣ ይላል። አልክ፣ ትላለች፣ ዓሣ እየጎረስክ። አዎ። እንድትሰድበው ይፈልጋል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንድትዘጋው፣ አትሰድበውም፣ ትንፋሿ ይሰማል፣ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል፣ ከዚያ ድምፅዋ ይመለሳል፣ የኡሊታን ድምፅ ይመስላል። ቁጥሩ አርባ አራት ነው። የግራው ጫፉ ባዶ ስለሆነ ለስላሳ ሱፍ ይጠቀጥቅበታል፣ ሱፍ ካልሆነ ያቆስለዋል። ግዛለት። ነገ ግን ካልሲውንም ቦቱንም የምታለብሰው አንተ ነህ፣ ተንበርክከህ፣ እኔ አጠገባችሁ ቆሜ።

እሺ ልጄ፣ ሊል ነበር፣ ዘግታለች።

ነገ። ወለሉ ላይ፣ በምድጃው አጠገብ፣ ሊካ ቆማ፣ ኡሊታም ትመጣለች፣ ያን እግር በሁለት እጁ ይይዘዋል፣ የሌለውን ቦታ ያየዋል፣ ታርቮ ተዉት አባባ እኔ አደርገዋለሁ ይላል፣ ማለቱ አይቀርም፣ ያኔ ምን ይለዋል፣ ፊቱንስ ቀና አድርጎ ማየት ይችላል ወይ፣ አይችልም፣ እግሩን ያያል፣ እግሩን ብቻ። ማቭራ መጥታ ፊቱ ቆማለች፣ ዓይኑን አታየውም፣ ለእሱ ብላ ነው፣ ገብቶታል። ቁጥሩ ተገኘ ወይ፣ ትላለች በቀስታ። አርባ ስድስት፣ ይላል፣ ሁለት ከፍ። እና ሱፍ ትንሽ፣ ለስላሳውን፣ ለግራው። ከጓዳ አምጥታ ጥቂት ትቆርጥለታለች፣ ነጭ ነው፣ ተቀብሎ በጣቶቹ መሃል ይዳብሰዋል። ደረቅ ነው ወይ፣ ይላታል። ደረቅ ነው ጋሽ ሳቬሊ፣ ትለዋለች፣ አሁንም ይዳብሰዋል።