ከስልሳ በታች

ዘውዴ እንደዚያ ወር መቀመጫ አጥቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት የለንደንን አውቶቡስ ሲነዳ ተቀምጦ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ኬኒንግተን ባለው ቤቱ ውስጥ ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ደረጃው ሥር ሲመላለስ ይውል ጀመር። ከደረጃው ሥር አንዲት የጣውላ ክዳን አለች። ስትነሳ ከወለሉ በታች ያለው ጨለማ ክፍተት ይታያል፤ ሰው በደረቱ ካልተሳበ አይገባበትም። የቤቱ እርጥበት የሚመጣው ከዚያ ነው ብሎ የሰቀለውን መለኪያ በቀን አሥር ጊዜ ያያል። ሰማንያ አራት ከመቶ። ሰማንያ አምስት። አንዳንዴ ሰማንያ ሦስት ይልና ልቡን ያሞኘዋል።

ነገሩ የመጣው ከልጁ ከኤዶም ነው። ኤዶም በነሐሴ መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። ለዘውዴ የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ናት፤ ከቀኗ ቀድማ ስለመጣች ሳንባዋ ደከም ያለ ነው። የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ ኅዳር ሚካኤል ላይ ይውላል። ዘውዴም ድግሱ ከእኔ ቤት ውጭ አይታሰብም ብሎ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ ተናግሮ ጨርሷል። ኤዶም ግን ባተርሲ ካለው አፓርታማዋ ደውላ ቁርጡን ነገረችው።

«አባዬ፣ ቤታችሁ ዳምፕ ነው። ግድግዳው ሁሉ ሻጋታ ነው። ሂውሚዲቲው ከስልሳ በታች ካልወረደ አላመጣትም፤ አይም ሶሪ።»

«አንቺስ እዚሁ ቤት አይደል ያደግሽው?»

«እዚሁ ቤት ነው ለአስሜ ኢንሄለር ይዤ ያደግሁት።»

ይቺ መልስ አጥንቱ ድረስ ገባች።

በማግስቱ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር ካለ ሱቅ ትልቁን ዲሂውሚዲፋየር ተሸክሞ መጣ። ሚስቱ እታፈራሁ «ለመሆኑ የሚያውቅ ሰው ጠይቀሃል?» ብትለው «እርጥበት ያደርቃል ተብሎ ተጽፎበታል፣ ምኑን እጠይቃለሁ?» አላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአራተኛው ቀን የወለሉን ክዳን ቢያነሳ እታች ያስቀመጠው ማሽን ሆዱ ውስጥ በረዶ ጋግሮ ዝም ብሏል።

ያኔ ጋሽ አንደብርሃንን ጠራ። ጋሽ አንደብርሃን አስመራ ተወልደው አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ፣ የካውንስል ኪራይ ቤቶችን ሲጠግኑ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ ኮምፕሬሰር ያለው ነው፤ ለሞቀ ክፍል የተሠራ። ከወለል በታች ብርድ ስለሆነ ይጋግራል። እርጥበቱን በሚመጥ ኬሚካል የሚሠራ አለ፤ በእሱ ቀይረው። ባልዲ ያለው ደግሞ አይሆንህም፤ እየተሳብክ ስትደፋ ወገብህ ይቆረጣል። ውሃውን በጎማ ወደ ውጭ የሚያፈስ ይሁን። ፊልተሩን በየወሩ እጠብ።»

ዘውዴ ቀየረ። ጎማ ዘረጋ። በየወሩ የተባለውን ፊልተር በየሦስት ቀኑ አጠበ። እታፈራሁ «እኔ እንኳ በሠርጌ ሰሞን እንደዚህ ፊልተር አልታጠብኩም» አለችው፤ አልሳቀም። ማሽኑ ሌት ተቀን ያጉረመርማል፣ ውሃው በጎማው ይንቆረቆራል፣ መለኪያው ግን ሰማንያ ሁለት ላይ ቆመ። ክርስትናው ሦስት ሳምንት ቀረው። ቴሌቪዥን ሲያይ እንኳ ጆሮው ወለሉ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ፈርቷል። የልጅ ልጁ የእሱን ደጃፍ ሳትረግጥ ልታድግ ነው ብሎ ፈርቷል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩ ጋሽ አንደብርሃን ወደ ውስጥ አልገቡም። የቤቱን የፊትና የኋላ ግድግዳ ግርጌ ግርጌውን እየዳበሱ በቁልፍ ስድስት ቦታ ፋቁ። ቀለሙ ሲረግፍ በየቦታው ቀዳዳ ያለው ጡብ ብቅ አለ፤ ቀዳዳው ግን በጨርቅ ተጠቅጥቋል።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል» አሉ። «ይኼ የወለሉ መተንፈሻ ነው። ከሥር ያለው ባዶ አፈር ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ካጣ ማሽኑ ብቻውን ምን ያድርግ? የትኛው ጅል ነው የደፈነው?»

ጨርቁን በጉጠት ሳቡት። ሰማያዊ የሱፍ እጅጌ ወጣ፤ የአውቶቡስ ነጂ የደንብ ልብስ። ዘውዴ ሲያየው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ኤዶም ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሳል ያዛት። ከወለሉ ጣውላ መሃል ቀዝቃዛ ንፋስ ሽው ሲል በእግሩ ተሰማውና ልጄን ብርድ መታብኝ አለ። ወጥቶ ሲያስስ ቀዳዳዎቹን አገኘ። ቤት ሠርተው ሲያበቁ የሚበሱት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብሎ አሮጌ ልብሱን ቆራርጦ ጠቀጠቀባቸው፣ በላዩም ቀለም ቀባ። ያን ሰሞን ልጁ በሞቀ ክፍል ተኛች፤ እሱም ጥሩ አባት ነኝ ብሎ ተኛ። ሳሉ ግን አለቀቃትም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቤቱ ከሥሩ ሲሻግት ኖረ።

«ጅሉ እኔ ነኝ» አለ።

ጋሽ አንደብርሃን ጉጠቱን አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ሁሉንም ክፈታቸው። ከተከፈቱ ወዲያ ማሽኑን ወደ ሳሎን አውጣው፤ አለዚያ የለንደንን አየር በሙሉ ላድርቅ ሲል ይሞታል። ግን ለሚካኤል አይደርስልህም። ጣውላው የጠጣውን እስኪተፋ ወራት ይፈልጋል።»

«ኤዶምን ምን ልበላት? እርስዎ ቢሆኑ ይነግሯታል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ስልኩን አራት ጊዜ አንስቶ አራት ጊዜ አስቀመጠው። በአምስተኛው ደወለና ትንፋሽ ሳይወስድ ሁሉንም ነገራት። «ኢንሄለር ያስያዝኩሽ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ይቅር በይኝ» አለ። በወዲያኛው በኩል ሕፃኗ ስትነጫነጭ ይሰማል።

«እሺ አባዬ» አለች ኤዶም። «ድግሱ እኔ ጋ ይሁን።»

ስልኩን ዘጋች። ተቆጥታ ይሁን አዝና መለየት አቃተው፤ እስከ ክርስትናው ድረስ ይኸው ሲበላው ከረመ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የባተርሲው ሳሎን በእንግዳ ተጨናነቀ። ሙቀቱ በዝቶ የበረንዳው በር ገርበብ ብሏል። ሁሉም ሕፃኗን እየተቀባበለ ሲስም ዘውዴ ካፖርቱን እንደለበሰ ከበረንዳው በር አጠገብ ቆሞ ያያል። ኤዶም ልጇን በጋቢ ጠቅልላ መጣች። እሱ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ያዛት እንጂ፣ አባዬ።»

«ልብሴ የቤቱን ሽታ ይዟል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሻጋታው ካፖርቴ ላይ ቢኖርስ? ከሩቅ ልያት፤ ይበቃኛል።»

ኤዶም አባቷን አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሕፃኗን ለእታፈራሁ ሰጥታ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፤ ሹራቡንም እንደ ትንሽ ልጅ እጁን አስነስታ አወለቀችለት።

«ያኔ የደፈንከው ለእኔ ስትል እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። ከዚያም ሕፃኗን ተቀብላ ደረቱ ላይ አስተኛችለት።

በሸሚዝ ብቻ ቀረ። የኅዳር ንፋስ በበሩ ክፍተት ሽው ሲል ዞር አለና ጀርባውን ሰጠው፤ ሕፃኗን ጠበቅ አድርጎ አቀፋት።

«ኧረ ዘውዴ፣ በሸሚዝ? ብርድ ይመታሃል» አለች እታፈራሁ።

«ይምታኝ» አላት።