ጦስኙን የጠረገው ጨርቅ

የሱሌይማን ራስ ሊነሣበት ሲል አስቀድሞ ብርሃን ይመጣል። በግራ ዓይኑ ጥግ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ነገር ይንቦገቦጋል፤ ከዚያ ግማሽ ራሱን የሚፈልጥ ሕመም፣ ከዚያም ትውከት። ጤና ጣቢያው ማይግሬን ነው ብሎታል። የሰጡት ኪኒን ግን እንቅልፍ ይጥልበታል፤ ሹፌር ደግሞ መሪ ላይ አይተኛም።

የሚነዳው ከጎባ ደሎ መና የሚወርደውን አውቶብስ ነበር። የሰኔቲን አምባ አልፎ ወደ ሪራ መንደር ሲወርድ መንገዱ ገደል ለገደል ነው። ሁለት ጊዜ እዚያ አቁሞ ጎማው ሥር ተኝቶ ዋለ። ባለ አውቶብሱ ሐጂ ሳላሕዲን ብዙ አልተናገሩም።

"ሦስተኛ ከሆነ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ" አሉት።

ታላቅ እኅቱ ሃጂራ ጎባ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። አንድ ነገር ልብ ብላ ነበር፤ ሲያመው ሽታ ሁሉ ያንገሸግሸዋል፣ ከደጋ የመጣ ጦስኝ ስታራግፍ ግን አጠገቧ መጥቶ ይቀመጣል። ዘይቱን ላውጣለት ብላ ተነሣች። በሰፈሩ ማውጣት የምታውቅ አረቄ አውጪዋ ጎረቤቷ አሰፋሽ ብቻ ነበረች።

"አሰፋሽዬ፣ ሙያሽን አውሺኝ። እንስራሽን ግን አልነካም፣ ሐራም ነው።"

"እንስራዬስ አንቺን መች ፈለገሽ!" ብላ ሳቀች አሰፋሽ። "አዲስ ግዢ። እኔም እጄን ታጥቤ እመጣለሁ።"

ሱሌይማን እንጨት ክምር ላይ ተቀምጦ አያቸው። ጦስኙን ከውሃ ጋር አዲሱ እንስራ ውስጥ ከትተው የእንስራውን አፍና እንፋሎቱን የሚያወጣውን ሸምበቆ በሊጥ ለሰኑ፤ መቀበያውን ማሰሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀመጡ፤ እሳቱን አንድ አንድ ጉማጅ እንጨት እየጨመሩ ያዙት። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው ጋራዥ ውስጥ እንኳ አላየም።

"ሃጂራ፣ አረቄ ጀመርሽ ወይ?" አለች በአጥሩ በኩል ያለፈች ሴት።

"አዎ፣ መጀመሪያ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ!" አለቻት አሰፋሽ።

ሃጂራ ቀና አላለችም። ስሟ ገበያ ላይ እንደሚነሣ ታውቃለች።

ማሰሮው ሲከፈት ውሃው ላይ ቢጫ ነገር ሰፍፏል። አረቄ ላይ ቢሆን የዕቃ ቅባት ነው፤ አሰፋሽ በልማዷ በጨርቅ ጠረገችና ጨርቁን አጥሩ ላይ ጣለችው። ውሃውን በጠርሙስ ሞሉለት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሱ ተነሣበት። ውሃውን አሸተተ፤ ምንም። ሃጂራ ወደ አጥሩ ወጣች። ስትመለስ ያንን ጨርቅ ይዛ ነበር።

"አጥሩ ሦስት ቀን ሙሉ ይሸታል፤ ጠርሙሱ አይሸትም። ዘይቱን የጠረግነው እኛው ነን።"

ጨርቁን አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ሕመሙ አልጠፋም። ግን አላስታወከም፤ ሌላ ጊዜ እስከ ማታ የሚጥለው ሰው ቀትር ላይ ተነሣ።

ሁለተኛውን ሲያወጡ ዘይቱን በላባ ሰበሰቡት። ከአንድ ከረጢት ጦስኝ የወጣው የብልቃጥ ግማሽ አልሞላም። ሃጂራ ክንዷ ላይ ሞከረችው፤ አቃጠላት። በኑግ ዘይት አቅጥና ጨርቅ ላይ ጠብ አደረገችለት።

"መድኃኒት ነው አልልህም። ብርሃኑ ሲመጣ አቁም፣ አሽት፣ ቆይ። ካልለቀቀህ እንዳትነዳ።"

በሳምንቱ ሐጂ ሳላሕዲን ራሳቸው ተሳፍረው ሳሉ፣ ከሪራ በላይ ብርሃኑ መጣ። እስኪጨልምበት ትንሽ መንዳት ይችል ነበር። አቆመ።

"ማል ተኤ? ምን ሆንክ?" አሉ ሐጂ።

"መጣብኝ፣ ሐጂ።"

ጨርቁን አውጥቶ ዓይኑን ጨፈነ።

"ሹፌራችን ጨርቅ ይቅማል እንዴ?" አለ አንድ የማር ነጋዴ። ሰው ሳቀ።

ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ የጨርቁ ዘይት የእኅቱ ሥራ እንደሆነ ለሐጂ ነገራቸው። መጋዙ ጠፋ፤ ሕመሙ መጣ፣ ግን እንደ ሩቅ ከበሮ ሆኖ ቀረ። ሱሌይማን ማዶ ያሉትን ድንጋዮች በዓይኑ አንድ በአንድ ለቀመ። ሁሉም ታዩት።

"አሁን አያለሁ። ካላመኑኝ ቁልፉ ይኸው።"

ሐጂ ቁልፉን ተቀብለው ዓይኑን አዩት።

"እኔ የጠላሁት ተኝተህ መዋልህን ነው፤ ፈርተህ መቆምህን አይደለም" ብለው ቁልፉን መለሱለት። "ለእኅትህ ንገራት፤ ለእኛም ታውጣልን። ባለቤቴም ግማሽ ራሷን አስራ ነው የምትውለው።"

ሃጂራ መልእክቱን ስትሰማ ፈገግ አላለችም። ባዶ ብልቃጥ ታጥብ ነበር።

"ሂድና መጀመሪያ ለአሰፋሽ ንገራት" አለችው። "ያወጣው የእሷ እጅ ነው።"